ጠርሙሱ ለወንድም፣ ስሪንጁ ለእኅት

ዛሬ ሐሙስ፣ ሚያዝያ ዐሥራ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከግልገሎቹ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራው መኝታ ክፍሌ ትራስ ተደግፌ የተቀመጥሁ እኔ በግ አርቢው፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ ያልከዳኝ፣ ምላሴም እንደ ወትሮው፣ ምናልባትም ከሚገባው በላይ፣ የሚታዘዘኝ ስሆን፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን በጎረቤቴ በልብስ ሰፊው እጅ አስጽፋለሁ። ምስክሮቼ የእንስሳት ሐኪሟና በጎቼን ሲመኝ የኖረው ሥጋ ሻጩ ናቸው።

«ስመኝ ሳይሆን ስገዛ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!» ብሏል ሥጋ ሻጩ፤ ይኸም ይጻፍለት።

ወራሾቼ ሁለት ናቸው፤ ታላቋ ሴት ልጄ በራስጌዬ፣ ታናሹ ወንድ ልጄ በግርጌዬ ቆመዋል። አይነጋገሩም። በእንስሳት ትርዒት ላይ ግልገላችን አንደኛ በወጣ ጊዜ ዳኛው «ምን ብታደርጉት ነው እንዲህ ያማረው?» ቢል፣ እሷ «የእኔ ቫይታሚን ነው» አለች፤ እሱ «የመረጥሁት አውራ በግ ዘር ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የሚያልፍ ቃል ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል።

«አባባ፣ ለልጅህ ንገረው፤ በረቱን ከፍቶት ሄዷል» ትለኛለች፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ።

«አባባ፣ የከፈተችው ራሷ ናት በልልኝ» ይለኛል፣ እሷም እየሰማች።

እንግዲህ መልእክተኛው ሊሄድ ነውና፣ ጭንቀቴ ሞቱ ሳይሆን ከሞቱ በኋላ ማን ያመላልስላቸዋል የሚለው ነው።

የኩርፊያቸው መዘዝ ባለፈው የወሊድ ወቅት በግልገሎቹ ደርሷል። እሷ ቫይታሚኑን አጠጥታ ለምልክት ማጅራታቸውን ሰማያዊ ትቀባለች፤ እሱም የቫይታሚኑን ጠብታ በአደባባይ እያጣጣለ በስውር ያመነበት ስለ ሆነ፣ ደግሞ አጠጥቶ ዳሌያቸውን ቀይ ይቀባል፤ አንዱ የሌላውን ቀለም እያየ፣ ከኩራት ብዛት እንዳላየ ያልፈዋል። ሁለት ቀለም ለብሰው ምግብ የጠሉትን ግልገሎች ሐኪሟ ባየች ጊዜ ራሷን ይዛ ጮኸች፦

«ቫይታሚን ኤና ዲ እኮ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ! ሲያንሱ ያቀጭጫሉ፣ ሲበዙ ይመርዛሉ! እዚህ ቤት ሰው ከሰው አይነጋገርም እንዴ?»

«ይነጋገራል፤ ግን በእኔ በኩል ነው» አልኋት። ደግነቱ ሁሉም ተርፈዋል።

ስለዚህ ቤቱን፣ የግጦሽ መሬቱንና መንጋውን ሳይከፋፈል ለሁለቱም በአንድነት አውርሻለሁ። የቫይታሚኑ ጠርሙስ ካለበት ማቀዝቀዣ ቁልፍ ጋር ለወንድ ልጄ ይሁን፤ የማጠጫው ስሪንጅና ሚዛኑ ለሴት ልጄ ይሁኑ። ሁለቱን ቀለሞች ዛሬ ጠዋት እዚሁ አልጋዬ አጠገብ በአንድ ጣሳ ደባልቄአቸዋለሁ፤ ወይን ጠጅ ወጥቷቸዋል፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሌላ ቀለም አይገዛም።

ምክሬም ይህ ነው፦ ግልገል እንደ ተወለደ አስቀድሞ የእናቱን እንገር ይጥባ፤ ጠብታ ያግዛል እንጂ ጡትን አይተካም። እርጉዞቹ እናት በጎች እርጥብ ሣር አይጉደልባቸው፤ ግልገሎቹም ፀሐይ ይሙቁ። መጠኑን ሐኪሟ ትወስን፤ ሳይመዘን የሚጠጣ አይኑር።

ለሥጋ ሻጩ ዕድሜ ልኩን ከተመኘው ካረጀው አውራ በጌ አንገት ቃጭሉን ሰጥቼዋለሁ፤ በጉ ግን በዕርጅናው ይሞታል። ለልብስ ሰፊው ደግሞ እሱ ራሱ ሲጥፈው የኖረውን ካፖርቴን ሰጥቼዋለሁ፤ አብዛኛው አሁንም የእሱ ጨርቅ ነውና።

እዚህ ላይ ወንድ ልጄ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አባባ፣ ለልጅህ ንገራት፤ ስሪንጁን ደብቃ ብትሄድስ?» አለ።

«እኔ ሞቻለሁ፤ ራስህ ጠይቃት።»

«ኧረ አልሞትህም!»

«ለልምምድ ነው» ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ።

ከግድግዳው ማዶ ትናንት መንታ የወለደችው በግ ጮኸች። ሐኪሟ «ከመንታዎቹ ትንሹ እንገሩን ጠብቷል፤ ጠብታው ነው የቀረው፤ ዛሬ ይሰጠው» አለች። ሴት ልጄ «አባባ፣ ለልጅህ...» ብላ ጀመረች፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥሁ። በመጨረሻ ወደ ወንድሟ ዞረች፦

«አንተ! ምን ትገተራለህ፣ ጠርሙሱን አታመጣም?»

«ላመጣ ነው እትዬ፤ አንቺ መጀመሪያ መዝኚው!»

«መመዘን ልታስተምረኝ ነው?»

ተያይዘው ወጡ፤ ሐኪሟም ተከተለቻቸው። ያለ መልእክተኛ፣ ፊት ለፊት ሲጨቃጨቁ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው፤ ከመንጋዬ ድምፅ ሌላ እንዲህ ጆሮዬን ያስደሰተው ነገር የለም። «እንግዲህ አይሞቱም ማለት ነው?» አለኝ ሥጋ ሻጩ። የመልእክተኛነት ሥራዬን ስለ ተቀማሁ የምቸኩልበት የለኝም፤ ቃሌ ግን እንደ ጸና ይኖራል።

ሐኪሟም ልጆቼም ተመልሰው፣ ጽሑፉ በሁሉ ፊት ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አምኜ፣ በአውራ ጣቴ አትሜአለሁ። አሻራው ወይን ጠጅ የሆነው ከጣሳው ስለ ጠቀስሁ ነው።

ምስክሮች፦ የእንስሳት ሐኪሟ ፈርማለች፤ ሥጋ ሻጩ ቃጭሉን በእጁ ይዞ ፈርሟል።

ጸሐፊ፦ ልብስ ሰፊው።

ወራሾች፦ «ስጠኝ»፣ «እንቺ» ተባብለው፣ በአንድ እስክሪብቶ ፈርመዋል።