ውኃን አንቱ ያልንበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 2። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ደብተሬ ሆይ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ፤ መርዶ አለኝ። እኔ እማዋይሽ፣ ዘጠነኛን አጋምሼ የተውኩት፣ የእናቴን ወንድም አያ ደሴን በእንግሊዝኛ ገድዬአቸዋለሁ። ነፍስ ይማር እንዳትዪ፣ ገና ናቸው። የሚሞቱት ዓርብ ነው።

ፍኖተ ሰላም፣ አክስቴ ኮምፒዩተር ቤት እየተየብኩ ነበር። አያ ከጅጋ መጡ፣ ግማሽ ገጽ የእንግሊዝኛ ንግግር ይዘው። የመስኖ ማኅበሩ ሊ/መንበር ናቸው። ዓርብ ፈረንጆች የተሰበረውን የቦይ መዝጊያ ሊያዩ ይመጣሉ፤ ካመኑን ያሠሩልናል። አነበብኩላቸው። ይቺን «the» አንዴ ዘ፣ አንዴ ዚ የምትዪው ለምንድን ነው አሉኝ።

እውነቱን አውቃለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በአናባቢ ድምፅ ከጀመረ ዚ፣ አለዚያ ዘ። ዳኛው ጆሮ ነው፣ ፊደል አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ዘ፣ አወር (ሰዓት) ግን ኤቹ ስለማይሰማ ዚ። ከት/ቤት ይዤ የወጣሁት ይህችን ብቻ ነው። ምላሴን በላኝ። አያ፣ ዚ ለሚከበር ነው፣ አንቱ እንደማለት፤ ዘ ለተራው ነው አልኳቸው።

አልሳቁም። እስክርቢቶ አወጡ። እንግሊዝም እንደኛ ሰው አክባሪ ነው ለካ አሉ!

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ከምሳ በኋላ (ምሳ አልበላሁም)

እናቴ ደወለች። አያ ደሴ ወረቀቱን በሙሉ በማዕረግ ከፍለውታል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ዶክተሩ፣ ዚ። ሊቀ መንበሩ ዘ፤ ራስን አንቱ ማለት ነውር ነው። ሽንኩርት ዘ። ውኃ ግን ዚ፤ ከዶክተሩም ይበልጣል ብለዋል።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቆምኩ። አያ ደሴ ሲሳቅባቸው አይችሉም። አምና ስብሰባ ላይ አንዱ ሳቀ፤ ዱላቸውን አንስተው ወጡ፣ ስብሰባው ተበተነ። ዓርብ ፈረንጅ ቢስቅስ? ቢወጡስ? የእናቴ ሽንኩርት ከቦዩ ጭራ ነው። ውኃ ካየ ሦስት ሳምንቱ። ጫፉ ቢጫ ሆኗል አለችኝ፣ በዚያው ስልክ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። 9 ሰዓት

ልናዘዝ ጅጋ ሄድኩ። አያ ደሴ ማሳው ዳር ቆመው ንግግራቸውን ለሽንኩርቱ ያነባሉ። የማኅበሩ ጸሐፊ አብሯቸው።

«ይህች ናት ያስተማረችኝ! ዘጠነኛን አልጨረሰችም ብላችሁ የምታሟት!» አሉት።

ምነው ገረጣሽ አሉኝ። ፀሐዩ ነው አያ አልኩ። ፈሪ! ሳልናዘዝ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 6። 6 ሰዓት፣ ቦዩ ዳር፣ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ

ሁለት ፈረንጅ፣ አንድ አስተርጓሚ። እኔ ከባሕር ዛፉ ኋላ። አያ ደሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ዚ ዶክተር። አለፈ። ዘ ኦንየን፤ ሽንኩርቷን ፈጠን ብለው፣ እንደ መናቅ። ደግሞ ውኃው መጣ። ድምፃቸውን ዝቅ፣ አንገታቸውን ሰበር፣ ታቦት ፊት እንደ ቆመ ሰው፦ ዚ ዋተር።

ዐይኔን ጨፈንኩ። ሳቁን ጠበቅሁ።

ምንም። ፈረንጇ ሴትዮ ራሷን ነቀነቀች። የተሰበረው የቱ ጋ ነው አለች። ሜትር አወጡ፣ ለኩ። ከፋሲካ በፊት ይጠገናል አለ አስተርጓሚው። እናቴ እልል አለች። እኔ እዚያው ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ።

11 ሰዓት

ተናዘዝኩ፣ የማኅበሩ ኮሚቴ ፊት፣ አያ ደሴ እግር ላይ ወድቄ። ዱላቸውን አዩ። እኔም ዱላውን አየሁት።

«ውኃን አንቱ ማለቴ አይቆጨኝም» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ዘ እማዋይሽ ነሽ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም!

በሕጉ ዚ እማዋይሽ ነበርኩ፤ ስሜ በእ ይጀምራላ። ወስኛለሁ፣ አላርማቸውም። መርዶ ብዬ ያስለቀስኩሽ ይህንኑ ነው ደብተሬ፤ ፈረንጆቹ ልብም አላሉት። ነጠላሽን መልሺ።