ኮንደንሰር የሌለው መብራት

ሰኔ ፲ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ለባለቤቴ ለአሰጋሽ፣

የአስመራ ብርድ እንዴት ያዘሽ? እኔ ለመቆም ያህል ቆሜያለሁ። ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በላጲሶ እጅ የላክሁት ለፖስታ ቤት የማይሆን ነገር ስላለበት ነው። አንብበሽ አቃጥዪው።

አንቺ ልጃችንን ከአስመራው ሆስፒታል ልትፈልጊ ከሄድሽ ወዲህ በየማምሻው ብርድ ልብስ ተከናንቤ የበረሃውን የአማፂዎች ሬዲዮ በስውር እከፍታለሁ። አፋቤት ላይ የተማረኩትን ወታደሮች ስም በየክፍለ ጦሩ ያነባሉ። የወዳጆ ስም ከተጠራ ልጃችን በሕይወት አለ ማለት ነው። ታዲያ ንባቡ ሲጀመር አጥራችን ሥር ያለው የቀበሌ አዳራሽ ፍሎረሰንት መብራቱን ያበራል፤ ሬዲዮውም እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ አንድም ስም አይለይ።

የእጄን ነው ያገኘሁት። አምና የአዳራሹ መብራቶች አልበራ ሲሉ እንድጠግን ጠሩኝና፣ ከየመብራቱ ማስነሻ ከስታርተሩ ውስጥ የተቃጠለችውን ትንሽ ኮንደንሰር በጉጠት ቆርጬ ጣልኩ። መተኪያዋ ከየት ይምጣ? ያለ እሷም በሩ። ሊቀመንበሩ አስጨበጨቡልኝ፤ አንቺም እልል አልሽ። በሬዲዮ ላይ የሚመጣውን ጩኸት የምታፍነው እሷ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! አሁን «መብራቱ ሬዲዮዬን ረበሸኝ» ብል «የትኛውን ጣቢያ ስትሰማ?» ይሉኛል።

እሑድ አዳራሹ ዝግ፣ መብራቱም የጠፋ ስለነበር፣ የወዳጆ ክፍለ ጦር ሐሙስ እንደሚነበብ ከሬዲዮው ሰማሁ። ትናንት ሐሙስ ስብሰባው ሲጀመር በጓሮ ዞሬ የአዳራሹን ፊውዝ ነቀልኩ። ቢይዙኝ «አሻጥር» ነው የሚሉት፤ ፍርዱን ታውቂዋለሽ። ቤት ስገባ ሬዲዮው ጥርት ብሏል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

አሰጋሽዬ፣ ስሙ የለም። ጆሮዬን ለጥፌ ነበር፤ የለም። ሬዲዮው ይጮህብኝ በነበረ ጊዜ «ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል» እል ነበር። ምነው እጄን በቆረጠው! ወዲያው «ጓድ ሆርዶፋ፣ መብራት ጠፋብን፣ ድረስልን» ብለው ጠሩኝ። ሄጄ ፊውዙን መለስኩላቸው፤ አመሰገኑኝ።

ያልተማረከ ሁሉ ሞተ አይባልም። ሆስፒታሉን አልጋ በአልጋ ፈልጊ። ስሙን መናገር ያቃተው ቁስለኛ ካለ ፊቱን ሳታዪ አትለፊ።

እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደም። ካገኘሽው አንድ መስመር ጻፊልኝ። ካጣሽው ግን አትጻፊ፤ ዝም ብለሽ ነይ።

የወዳጆ አባት
ሆርዶፋ