የሳሙናው ሣጥን በማን ስንዝር ነው?

መካነ ኢየሱስ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለልጄ ለስንዱ ጓዴ
ደብረ ብርሃን

ስንዱዬ፣ የኔ ዓለም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጋቢውን ትደርቢያለሽ ወይስ የተማሪ ወግ ነው ብለሽ በሹራብ ብቻ ትንቀጠቀጫለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልሽ ሳሙናሽ ጨርሶ አልገደለንም ማለቴ ነው።

ምን አለ «እማዬ፣ በእንዶድሽ እጠቢ» ብለሽ ብትተዪኝ? ያን ሁሉ የሳሙና አሠራር ጽፈሽ ስትልኪልኝ፣ ሠርቼ ገበያ አወጣለሁ፣ አባቷም ትምህርቷ ምን እንደሚያመጣ በዓይኑ አይቶ ልቡ ይመለሳል ብዬ ተነሣሁ። የቀኛዝማችን ልጅ አላገባም ብለሽ ከአጎትሽ ጋር ከሄድሽ አምስት ዓመት ሊሆንሽ ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ «ያቺ» እንጂ ስምሽን አይጠራም።

እንግዲህ ስሚኝ። የገናውን ቅርጫ ሞራ አቅልጬ አጠለልሁ። እጅ የሚልጠውን ያን ሶዳ ነጋዴው ኢሳ ከጎንደር አመጣልኝ። ሞራውን በጣሳ፣ ሶዳውን በሲኒ ሰፈርሁ። እንዳልሽው ሶዳውን ወደ ውሃው ጨመርሁ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አላደረግሁም። ያለ እሳት ሲጨስና ሲግል ጎረቤታችን ብርቄ አማተበች።

«ያለ እሳት የሚፈላ ነገር የጠንቋይ እንጂ የሳሙና አይደለም! እንዶድ ምን በደለሽ?»

«ዘወር በይ አንቺ፣ ዓይንሽን ያጠፋሻል!» ብዬ አባረርኋት።

ሳሙናው ፈስሶ የሚረጋበትን ሣጥን አባትሽ ይሥራልኝ አልሁ። «ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ወረቀትሽን ሳወጣ ገባው። እያጉረመረመ «ልኩን ንገሪኝ» ሲለኝ፣ ወርዱ አንድ ስንዝር፣ ቁመቱ ሁለት ስንዝር ብለሽ የጻፍሽውን አነበብሁለት። የአባትሽን እጅ አትረሺውም፤ ዕርፍ ሲጨብጥ ዕርፉ እንደ ስንደዶ ይቀጥናል። የሕፃን አልጋ የሚያህል ሣጥን ይዞልኝ መጣ! እንደ አጥሚት የወፈረውን ሳሙና ባፈስበት ሥሩ ላይ እንደ ቂጣ ተነጠፈ። ሲደርቅ በቢላ ብነካው ፍርክስክስ አለ።

በሁለተኛው ጊዜ፣ ሣጥኑ ይሙላ ብዬ ሞራውን እጥፍ አደረግሁት። ሶዳውን ግን እጄን እንዳይልጠኝ ፈርቼ ያንቺኑ ልክ ተውሁት። ብጠብቀው ብጠብቀው አይደርቅም፤ ቅባት ነው። ሞራው የሸተተው የብርቄ ውሻ ገብቶ ላሰልሻ! አፉ አረፋ ደፍቆ ሲወጣ ሰፈሩ «እብድ ውሻ!» ብሎ በድንጋይ ተነሣ። ውሻውስ ተረፈ፤ ብርቄ ግን እስካሁን አታናግረኝም።

ሣጥኑ ሲያድግ ሶዳውም አብሮ ማደግ ነበረበት? ታዲያ ለምን አልጻፍሽም? «እማዬ ማስመሪያ የላትም» ብለሽ ለኔ አዝነሽ በስንዝር ማድረግሽ ገብቶኛል። በማን ስንዝር እንደሆነ ብትጨምሪበት ግን ቀለሙ ያልቅብሽ ነበር?

ትናንት ይህንኑ ለራሴ ስለፈልፍ አባትሽ ከበረቱ በር ላይ ሆኖ ሰማኝ።

«በሷ ስንዝር ኖሯል እንዴ?»

«በማን ሊሆን ነው ታዲያ!» ብዬ ጮኽሁበት።

ሣጥኑን አነሣና አፈረሰው። ሳንቃውን ሊያሳጥር መጋዙን አስጠጋ፤ አስጠግቶ ቆሞ ቀረ።

«እጇ አሁን ምን ያህል ሆነ?» አለኝ።

እኔስ ምን አውቄ፣ ልጄ? እኔ የማውቀው ስትሄጂ የነበረውን የትንሽ ልጅ እጅ ነው።

«ወረቀት ላይ አስምራ ትላክልን ብዬ እጽፍላታለሁ» አልሁት።

«ወረቀት መንገድ ላይ ይረጥባል» አለ። በጥር! መሐረብ የምታህል ደመና በሌለበት!

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

ጀርባውን ሰጠኝ። «ራሷ መጥታ ትለካው» አለ።

ስሚኝ፣ የፋሲካ ዕረፍታችሁ መቼ እንደሚጀምር ቶሎ ጻፊልኝ። በትምህርትሽ በርቺ። ኢየሱስ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ሰውና ከዚህ ከተረገመ ሶዳ ይጠብቅሽ።

አባትሽማ ስምሽን ዛሬም አልጠራም፤ ግትር። ሳንቃዎቹ ሳይቆረጡ ግድግዳው ሥር ተደግፈዋል። ለዶሮዎቹ ቤት ላድርጋቸው ብዬ ብጠይቀው፣ እንዳትነኪያቸው ብሎ ተቆጣኝ።

እናትሽ
አዛለች ይርጋ