ከበረኛው ስም አጠገብ ያለች መስቀል

ጥቅምት 18፣ ከሰዓት 9፡00

ማኅተሙ ዛሬም ቀለም አልያዘም። ትፍ ብዬበት መታሁት። «የስፖርት ታሪክ ጥናት ማኅበር» ከሚለው «ማኅበር» ብቻ ወጣ። ተወው፣ እውነቱን ነው። አርባ አባል በወረቀት፣ ስብሰባ ላይ ስድስት። ከስድስቱ አንዱ ለሻይ የሚመጣ።

ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል። መስኮቱን ስከፍት የረዳት ጩኸት፣ ስዘጋ ሙቀት። ሊቀመንበር ዶ/ር መላኩ። ዋና ጸሐፊ እኔ፣ ከስምንት ዓመት ወዲህ። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከዚያ እዚህ። ባልም ልጅም የለኝም፤ ይህ ክፍል አለኝ።

ዓመታዊ ጉባኤ ኅዳር 20፣ ቡታጅራ። መጽሔት ቁ. 4 በየፖስታው እየገባ ነው። የኔ ጽሑፍ አለበት፦ በአውራጃ ዘመን ዋንጫ ያመጣው የቡታጅራ ቡድን፣ አሥራ አንዱም በስም። በሕይወት ከሌሉት ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል። ሰባት መስቀል። ደብተሬ፣ ሁለት ዓመት እንደለፋሁበት አንተ ታውቃለህ።

ጉባኤው እንደ ልማዳችን በስም ጥሪ ይከፈታል። የኔ ፈጠራ ነች። የቡድኑን ተጫዋቾች ስም እጠራለሁ፤ ያለው ተነሥቶ «አለሁ» ይላል። ለሌለው ማንም አይመልስም፤ በሆዴ እስከ አምስት ቆጥሬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሰው ይወደዋል። አንዳንዱ ያለቅሳል።

ጥቅምት 21፣ 7፡20

ስልክ። የማላውቀው የሽማግሌ ድምፅ። አሰላሙ አለይኩም አሉና፣ ሟቹ ነኝ አሉኝ።

የቱ ሟች? ገጽ 31፣ ቁጥር አንድ፣ በረኛው ከድር። አንደኛ አልሞትኩም። ሁለተኛ ሙስሊም ነኝ፤ መስቀሉን ከየት አመጣሽብኝ ልጄ? ሳቁ። ረጅም ሳቅ፣ መጨረሻው ሳል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በመስቀል ስገድል ኖሬ አንድ ቀን አልታየኝም! ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ደግሜ ጠየቅሁ። እርማት ለጉባኤው እናደርሳለን አልኩ። እሳቸው፦ እስከዚያ ሞቼ ልቆይ? እሺ፣ ሥራ የለብኝም አሉ። ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ደስ የሚሉ ሰው።

ጥቅምት 22

ለዶ/ር መላኩ ነገርኩት። ሳቀ። መስቀሉ ይነሣ፣ ጉባኤው ላይ ጋቢ ይልበሱ፣ ፎቶ ይነሱ፣ አለቀ ደቀቀ። ትክክል። እሱ ሁሌ ነገር የሚያልቅለት ሰው ነው።

እኔ ግን የቃለ መጠይቅ ደብተሬን አወጣሁ። ከድር ሞቷል ያለኝ ማነው? የቡድኑ አምበል ጋሽ ተካ። ያኔ ቡታጅራ ይሠሩ ነበር፤ አሁን ጉንችሬ ሱቅ አላቸው። ስሞቹን ሳነብላቸው ለእያንዳንዱ ወሬ ነበራቸው። ከድር ጋ ስንደርስ ወደ ደጅ አዩ። ከዚያ «እሱማ ገና ልጅ ሳለ ሞተ» አሉና ሻይ አዘዙ። በእጄ ጽሑፍ፦ ከድር — ገና ልጅ ሳለ ሞተ (?)

መጽሔቱ ላይ ጥያቄ ምልክቷ የለችም። ለውበት ብዬ ጣልኳት።

ጥቅምት 25፣ 7፡20

በዚያው ሰዓት ደወሉ። ዙሁር ሰግደው መሆን አለበት። ሟቹ ነኝ። ዛሬ አልሳቁም።

እርማቱ ታትሟል ወይ? ገና። እንግዲያ ምልክቱን ለውጡት፣ መስቀል ለኛ አይሆንም፤ ሟችነቱን ግን አታንሱበት አሉ። ማን ላይ? ከድር ላይ። ከድር እርስዎ አይደሉ እንዴ? ስልኩ ተዘጋ።

ጥቅምት 26

ስምንተኛ ክፍል፣ ስም ጥሪ። ከድር የሚባል ተማሪ አለኝ። «አቤት» ሲል ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና የቀሩትን ስሞች ጠራሁ።

ጥቅምት 28

የቡድኑ ሁለት ፎቶ አለን። አንዱ ውድድሩ ሲጀመር፣ አንዱ ዋንጫውን ይዘው። በሁለቱም ሥር የጻፍኩት ስም አንድ ነው። ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አይቻቸዋለሁ። ዛሬ አውርጄ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

በመጀመሪያው በረኛው ከአምበሉ በግንባር ይበልጣል። በሁለተኛው የአምበሉ ትከሻ ጋ ብቻ ይደርሳል። የማሊያው እጅጌ ሦስት አራቴ ታጥፏል። ሰው በአንድ ወቅት ውስጥ አያጥርም።

ፎቶዎቹን ገልብጬ አስቀመጥኳቸው። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አስጠላኝ፤ ታች ወርጄ ባጃጆቹ መሃል ቆምኩ።

ኅዳር 2፣ ቡታጅራ

ከገበያው ጀርባ፣ የበርበሬ መጋዘን። ገና በር ላይ አስነጠሰኝ። ሰውዬው ረጅም ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ። ከፊታቸው በፊት ያየሁት ጣታቸውን ነው፦ ሁለቱ ተሰብረው ተጣመው የገጠሙ። የበረኛ እጅ። ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። ታላቋ ልጃቸው አጠገባችን በርበሬ ትለቅማለች። ሁሉን ታውቃለች አሉ።

የነገሩኝን አሁኑኑ ልጻፍ። ካደርኩ አሳምረዋለሁ።

ከድር ታላቅ ወንድማቸው ነበር። በረኛው እሱ። ለፍጻሜው አሥር ቀን ሲቀር ወባ ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የተጫዋች ምዝገባ ተዘግቷል። ሌላ በረኛ የለም። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ አሠልጣኙ መጥቶ አባትየውን አናገረ። ታናሹ ነስሩ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መልኩ ቁርጥ ከድርን። እንግዲህ የሞተው ነስሩ ነው ይባል፤ ለጥቂት ቀን ብቻ። ዋንጫው ይግባ፣ ከዚያ እናስተካክለዋለን።

እናትየው በቋንቋቸው፣ በመስቃንኛ፣ «ነስሩዬ» እያሉ አለቀሱ። ነስሩ አጠገባቸው ቆሟል፣ ከድር ሆኖ። ለቅሶ ደራሹ እየመጣ አላህ ወንድምህን ይርሐመው ይለዋል።

«እናቴ ለሱ በኔ ስም አለቀሰችለት» አሉኝ። «ስሜ አፈር ሲገባ ቆሜ አየሁ፣ ልጄ።»

መንደሩ አያውቅም ነበር ወይ አልኩ። የሚያውቅ አወቀ፤ ዋንጫውን የፈለገው ግን መንደሩም ነው አሉ። ዛሬ ከሚያውቁት አብዛኞቹ አፈር ናቸው።

ፍጹም ቅጣት ምት አዳኑ። ከድር! ከድር! እያለ ሰዉ ተሸከማቸው። ከዚያ ማን ያስተካክለው? የዋንጫው ምስክር ወረቀት ለከድር መጣ። ሥራ ለከድር ተገኘ። የጋብቻ ኒካውን ከድር አሰረ። ልጆቻቸው በወረቀት የወንድማቸው ልጆች ናቸው። ጥቂት ቀን የተባለው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። እናትየው ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ እንኳ ከድር ይሏቸው ነበር፣ ግድግዳ ይሰማል ብለው። ሊሞቱ ሲሉ አንድ ጊዜ «ነስሩ» አሉ። «እኔን ጠርታኝ ይሁን ለሞተው እያለቀሰች፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

የሚፈልጉት? ወረቀት አይደለም፤ የልጆቹ ወረቀት እንዳለ ይሁን። ስም ጥሪውን መጽሔቱ ላይ አንብበዋል። ከድር ሲባል ማንም እንዳይመልስለት፣ ደንቡ እንደሆነው። ቀጥሎ ነስሩ። አንድ ጊዜ ብቻ አለሁ ልበል አሉ። መስቀሏን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሦስት ቀን አልበሉም። ለወንድማቸው በስሙ ሞተሃል ያለው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። በስሕተት!

አለቀስኩ። በርበሬው ነው አልልም።

ኅዳር 5፣ ጉንችሬ

ጋሽ ተካ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ነስሩ ስል ሚዛኑን ለቀቁት። ስኳሩ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ፤ አላፈሱትም።

በሩን ገርበብ አደረጉ። ከዚያ፦ እጅጌው ረዝሞበት ነበር፤ ያጠፍኩለት እኔ ነኝ። ሳጥፍለት «በርታ ከድር» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ተሸክሜ ነው ያረጀሁት አሉ።

መጥተው ይመስክሩ አልኳቸው። አይሆንም። ቡድኑ አጭበርባሪ ሊባል ነው፣ የሞቱትም ሊሰደቡ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ውሏል፣ ተይው። ካነበብሽው አልመጣም።

በሚኒባሱ ስመለስ አሰብኩት። ሃምሳ ዓመት የያዙት ለኔ፣ ለማያውቋት ሴት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈተለካቸው ለምን ነው? እንድጠይቃቸው ፈልገው ነበር እንጂ። እኔ ጥያቄ ምልክቷን ጣልኳት። ሻዬን ጠጥቼ አመስግኜ ወጣሁ።

ኅዳር 9

ዶ/ር መላኩ ዛሬ አልሳቀም። ታሪክ በሰነድ ነው፤ ቴሴራው፣ የተጫዋች መታወቂያው፣ ከድር ይላል፣ ምስክር ወረቀቱ ከድር ይላል። ሰነድ እንዲያ እንዲል ሰው በሌላ ስም መቀበሩን ነገርኩት። ያ ወሬ ነው አለ። ከተማው አዳራሽ ሰጥቶ እንግዳ አድርጎ ጠርቶን መርዶ ልናረዳው ነው? ካነበብሽው በማግስቱ ሌላ ጸሐፊ እፈልጋለሁ።

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እሱ ሲቆጣ ጨዋ ይሆናል።

ደብተሬ፣ ፈሪ ነኝ። ይህን ክፍል ቢወስዱብኝ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የት እሄዳለሁ? ማኅተሟ ቀለም የማይይዝ ማኅበር ናት፣ ግን የኔ ናት።

ኅዳር 12፣ 7፡20

ቡታጅራ ከተገናኘን ወዲህ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይደውሉልኛል፤ ዛሬ ስልኩ አልጮኸም። 7፡40። 8፡00። የሚጮህ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አነሣሁት።

ኅዳር 13

ዛሬም የለም። መደወል እችላለሁ። ምን ልበል? ማንን ይዤ ልጥራ? ከድር ካልኩ ዋሸሁ። ነስሩ ብል መንገድ ላይ ከሆኑ፣ ሰው ከሰማ? በሁለት ስም መሃል ቆሜ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩ። እሳቸው እንዲህ ነው የኖሩት።

ኅዳር 15

ልጃቸው ደወለች። ጉንፋን ነው፣ ደኅና ናቸው። ነጭ ልብሳቸው እየታጠበ ነው። ጎረቤት ወዴት ነው ሲላቸው ስሜ ሊጠራ ነው እንደሚሉ ነገረችኝ። አባዬ እየተለማመደ ነው አለች። ምን? «አለሁ» ማለት። መስተዋት ፊት። 

ኅዳር 19፣ ቡታጅራ፣ 11፡00

ሆቴል አልጋ ያዝኩ። ጎዳናው በጆንያ በርበሬ ቀልቷል። ዝርዝሩ ጉልበቴ ላይ ነው። ዶ/ር መላኩ ራሱ ተይቦ የሰጠኝ፣ ንጹሕ፣ መስቀል የተነሣለት። ቁጥር አንድ፦ ከድር።

መስቀሎቹን በሙሉ አጥፍቶልኛል፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ከሥሩ በብዕር «ነስሩ» ብዬ ጨመርኩ። ስምንት ዓመት ሌላው ሰው የተናገረውን ስጽፍ ኖርኩ። ዛሬ ሦስት ፊደል ለመጻፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁ።

አነበዋለሁ። ማኅበሩን ይውሰዱት።

ኅዳር 20፣ ጠዋት 4፡40

ከአዳራሹ ጓሮ፣ የግንብ ጫፍ ላይ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌን ታገሰኝ።

ቁጥር አንድ፦ ከድር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ ነጭ ኮፍያ፣ ልጃቸው አጠገባቸው። ስሙን ሲሰሙ ከወንበሩ ብድግ አሉ፣ የሃምሳ ዓመት ልማድ። ልጅቷ እጃቸውን ያዘች። ተቀመጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ዶ/ር መላኩ አንገቱን አዞረ። ሰዉ ማንሾካሾክ ጀመረ፤ ከድር ያውና ተቀምጠው የለም እንዴ?

ቁጥር አንድ፦ ነስሩ።

 ተነሥተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያ ሁሉ መስተዋት፣ ያ ሁሉ ልምምድ፣ ቃሉ ጠፋቸው። እኔም የማውቀው ነገር መቁጠር ብቻ ነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ደብተሬ፣ አምስት ከደረስኩ ሁለተኛ ልቀብራቸው ነው፤ ማቆም ግን አልቻልኩም።

አራት ላይ፣ ከኋላ ከበሩ በኩል፣ አልመጣም ያሉት ጋሽ ተካ ዱላቸውን ተደግፈው፦

«አለ!» አሉ። «ነስሩ አለ።»

ዶ/ር መላኩ ዕረፍት ነው ብሎ አወጀ። ማንም አልወጣም፣ ከኔ በቀር። ቁጥር ሁለት ጋሽ ተካ ናቸው፤ ገና አልጠራኋቸውም። ልግባ፤ ዝርዝሩን ልጨርስ።