ከአንቀልባሽ የተቆረጠው ዛጎል

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ካሰች፣

ጤናሽን ከአንቺው አፍ እስክሰማ ድረስ በሩቁ እንዴት ከርመሻል እላለሁ። ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ልጅሽ ማርያማዊትስ ወሯ ገባ ወይስ ይቀራታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍ የሲልቨር ስፕሪንግ ብርድ ገብቷል፤ ጆሮዬን ሊቆርጠው ምንም አልቀረው።

ለፋሲካ የጻፍሽልኝን አልረሳሁትም። ለማርያማዊት ልጅ ብለሽ አንቀልባውን አውጥተሽ ስታራግፊው ባዶ ቦታ አየሽና ዛጎሌን መልስልኝ አልሽኝ። ስትሸኚኝ ቆርጠሽ ከኪስህ እንዳትለያት ያልሽኝን ማለትሽ ነው። መልሴ የዘገየው ሰስቼ ነው፣ አልደብቅሽም። እናታችን ካረፈች በኋላ በዚያ አንቀልባ አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከዛጎሏ ሌላ ምን ይዤ መጣሁ?

ሥራዬ እንደምታውቂው የሙዚየም ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ዘንድሮ የያዝነው ከአንድ ሩቅ ደሴት የመጡ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤቶችን ነው። ደሴቱ ከሰው አገር ሁሉ ርቆ፣ ኮራል የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት በአጥንታቸው የገነቡት ክብ መሬት ነው አሉ፤ መሀሉ ውሃ፣ ዙሪያው ውሃ። እኔ እየቆጠርኩ ወደ አዲስ መሳቢያ አዛውራቸዋለሁ። እንደ እንዝርት የሾለ አለ፣ ከምስር የሚያንስም አለ። አንድ ቀን ሣጥን ብከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ዛጎል! እኔኮ ዛጎል ከዶቃ ወገን ነው፣ ነጋዴ የሚሠራው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካ ነፍስ ያለው ቀንድ አውጣ ቤት ነው። አለቃዬ ሚስ ካረን እንዳስረዳችኝ፣ በሕይወት ሳለ ሥጋው ወጥቶ ቤቱን እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል፤ የሚያብረቀርቀውም ለዚህ ነው።

ጣጣው የመጣው ያን ዕለት ነው። ሣጥኑ ላይ አርባ ሁለት ተጽፏል፣ እኔ የቆጠርኩት አርባ አንድ። ዕቃ ሲጎድል ስንወጣ ኪሳችን ይፈተሻል፤ ጥበቃው ገላው የሚባል፣ ላንድማርክ ሰፈር የሚኖር የጎጃም ልጅ ነው። ከኪሴ ዛጎልሽን አወጣት። ወንድሜ፣ ባውቅህም ሪፖርት ካላደረግኩ እኔም ጆቤን አጣለሁ አለኝ። አልፈረድኩበትም። ዛጎልሽ በፖስታ ታሽጋ ሚስ ካረን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ስትሰነብት እኔ ከሥራ ታግጄ ቤቴ ተቀመጥኩ። ሥራ ሌላ ይገኛል፤ ሌባ ተብሎ መውጣት ግን አንገበገበኝ። በጊዜው ልኬልሽ ቢሆን ኖሮ እያልኩም ተቆጨሁ።

በአራተኛው ቀን ተጠራሁ። ሚስ ካረን ዛጎልሽን ገልብጣ ይዛለች። የደሴቱ ዛጎሎች ጀርባ ድፍን ነው፤ ያንቺዋ ግን የአንቀልባው ቆዳ ላይ እንድትተኛ ጀርባዋ ተሞርዷል፣ ውስጧም የክርሽ ቁራጭ ቀርቷል። ይህን ማን ሠራው ብላ ጠየቀችኝ። አንቀልባ የሚለውን በእንግሊዝኛ ከየት ላምጣው? ካፖርቴን ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አዘልኩና እሹሩሩ እያልኩ ቢሮዋን ዞርኩት። ገላው በር ላይ ቆሞ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ይቅርታም ጠየቀችኝ። አርባ ሁለተኛው ዛጎል ለካ ከሣጥኑ ጥጥ ሥር ተወሽቆ ኖሯል።

ከዚያ ያንቺዋ እዚሁ ብትቀመጥልን ብላ ለመነችኝ። ቦታዋ እየጠበቃት ነው፣ አይሆንም አልኳት። እሷም ባዶ ሣጥን አወጣችና ካርድ ጻፈችለት፦ ዛጎል፣ ከአንቀልባ ላይ፣ ደብረ ታቦር፣ የካሰች። ሣጥኑን ከደሴቱ ዛጎሎች ጎን አኖረችው። ባዶው ቦታ ካንቺ ዘንድ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ ማለት ነው።

ዛጎልሽን የሚያደርስልሽ ለገና የሚገባው ገላው ራሱ ነው። አትቀየሚው፣ ደህና ምሳ አብይው። ለባለቤትሽ ለጋሼ ንጉሡ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የጎረቤታችንን የእማማ ሸዋዓለምን ጉልበት ሳሚልኝ። ማርያማዊትን ማርያም በሽልም ታውጣሽ በይልኝ። ለሚወለደው ደግሞ ስታዝይው አጎትህ ሰላም ብሎሃል በይው። ዛጎሏን ጠበቅ አድርገሽ ስፊያት፤ ከእንግዲህ ለሚሄድ ሰው ቆርጠሽ እንዳትሰጪ።

ያዘልሽው ወንድምሽ ብስራት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.