ቆማችሁ ተቀበሉ

ደብረ ታቦር
ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፍቅርተ ይሻው፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔና እናትሽ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። እናትሽ አሰለፈች እንደ ድሮዋ ናት፤ ቤቱን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ትገዛለች።

ይህ ደብዳቤ ሦስት መስመር መሆን ነበረበት። የማኅበራችን ጸሐፊ ሚሚ ያዘዘችኝ ይህንኑ ነው፤ «ጋሽ ይሻው፣ ለሰጠን ሰው ሁሉ በእጅዎ ሦስት መስመር ምስጋና ይጻፉ፤ እኔ ፎቶ አንሥቼ በኢሜይሉ እልክለታለሁ» አለችኝ። ለብዙ ሰው እንደዚያው ጽፌያለሁ። «ወለተ ኪዳን» የሚለው ያንቺ የክርስትና ስም ጋ ስደርስ ግን ሦስት መስመሩ አልበቃኝ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጀመርኩ ስቀድ ቆየሁ። ወለተ ኪዳን በየደብሩ ሞልታለች፤ አንቺ ካልሆንሽ፣ ውድ እኅቴ፣ የሰውን የቤት ጉዳይ አንብበሽ ሳቂና ማሪኝ። አንቺ ከሆንሽ ግን የዛሬ ስድስት ዓመት ኩዌት ስትሄጂ ሳልመርቅሽ የቀረሁት አባትሽ ነኝ፤ የዚያን ቀን የነፈግኩሽን ልሰጥሽ ነው የምጽፈው። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። መምህር ነኝና ካልዘረዘርኩ አይሆንልኝም፤ ታውቂኛለሽ።

ከጉና የሚወርዱ ነፍሰ ጡሮች ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው ቀደም ብለው መጥተው የሚሰነብቱበት የእናቶች ማቆያ፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ ልንሠራ ማኅበር አቋቋምን። ግድግዳው ቆመ፤ ጣሪያው ላይ ስንደርስ ገንዘቡ አለቀብን። ክረምቱ ደግሞ አይጠብቅም። ሚሚ እንዳንቺው ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ሥራዋ እሳት፣ ምላሷም አይተናነስም። «ቆርቆሮውን በኢንተርኔት እንለምናለን» አለች። «እንለምናለን?» ብዬ ባፈጥባት «እሺ፣ እንጠይቃለን» አለች።

ከአዲስ አበባ ዳኛቸው የሚባል በጎ ፈቃደኛ መጣና ስለ ፎቶ አሠለጠነን። «የተቸገረ ፊት ያስፈልጋል» አለ። በማግስቱ ከጉና የመጡት ሰባት እናቶች ፎቶ ልትነሡ ነው ተብለዋልና ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ የሌላቸውም ከጎረቤት ተውሰው ተደረደሩ። ዳኛቸው ራሱን ያዘ። «የቤት ልብስ የላቸውም?» ቢል እናትሽ ብድግ አለች። «ምነው ልጄ፣ በአሮጌ ልብስ ሰው ፊት የሚቀርብ ምን የሆነ ሰው ነው? እርዱን አልን እንጂ ናቁን አላልንም!» አለችው። እኔም ደገፍኳት። ፎቶው እንዳለ ወጣ። አንዱ ከሥሩ «ለሠርጉ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ጻፈልን። ሁለት ወር ሙሉ ከራሳችን አባላት በቀር የሰጠ የለም።

መፍትሔው እውነተኛ ሠርግ ላይ ተገኘ። የጎረቤታችን የሙላቴ ልጅ ስትዳር እንደ ልማዴ ዳሱ መካከል ቆሜ ስጦታ እየጠራሁ ሰጪውን ስመርቅ፣ ሚሚ ከጥግ ሆና ታየኝ ነበር። ሲያልቅ ክንዴን ይዛ፣ «ጋሽ ይሻው፣ እዚህ ሰው ስሙ ተጠርቶ ይመረቃል። ለእኛ የሚሰጠውን ሰው ግን ማን ጠራው? ማን መረቀው? ብሩን ወስደን ዝም!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በጣም አፈርኩ።

እንዲህ ሆኖ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ስልክ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ መመረቅ ጀመርኩ። ላይቭ ይሉታል። ጉልበቴ አልታጠፍ ስለሚል ቀኝ እግሬን ወደፊት ዘርግቼ ነው የምቀመጠው። የመጀመሪያው እሁድ ለአራት ሰው ብቻ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረኝ። አምስተኛው ላይ «ከክፉ» ስል የሚሚ ስልክ ባትሪው አልቆ ጠፋ። ሰውዬው የእብናት እህል ነጋዴ ነው። በማግስቱ ደወለ፤ «መምህር፣ ከክፉ ምን? እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ!» አለኝ። «ከክፉ ይጠብቅህ» ብዬ ጨረስኩለት። «ተመስገን» አለና ደግሞ ላከ።

ሚሚ ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም ብላ ደነገገች። ቅጹ ላይም ሁለት ጥያቄ ጨመረች፤ የክርስትና ስምዎ ማን ነው፣ ምን ተብሎ ይመረቅልዎ። ሙስሊም ወዳጆቻችን መጠሪያ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ምርቃቱን እኩል ይቀበላሉ።

በሁለተኛው እሁድ ስልኩን እያየሁ «ተነሡ!» አልኩ። አርባ ዓመት ገሳይ ትምህርት ቤት ልጆች ያስነሣሁበት ድምፅ ነው። ምርቃት ተቀምጦ አይሰማም፤ ሰዉ አይታየኝም ብዬ ሥርዓት ላጎድል ነው እንዴ? ሚሚ ከስልኩ ጀርባ እጇን ታወናጭፋለች። «የትም ሁኑ የት፣ ቆማችሁ ተቀበሉ!» አልኩ። ልጄ፣ ተነሡ እኮ! አንዱ «ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ ስነሣ ጣሪያው አናቴን መታኝ፤ አሜን» ብሎ ጻፈ። ከጅዳ አንዲት ልጅ ማማሰያዋን እንደያዘች ምድጃዋ አጠገብ ቆማ ፎቶዋን ላከች። ባሕር ዳር ያለ ጥበቃ ቆቡን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የቆመ ሰው ፎቶ በየሳምንቱ ጎረፈልን። አንዱ የወዳጁን ፎቶ ያይና እሱም ሊመረቅ ይሰጣል። ያ ዳኛቸው ራሱ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ላከ፤ ደስ ሲለኝ ከአንድ ደቂቃ አሳልፌ መረቅኩት።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ሚሚ ያቀበለችኝ ወረቀት «ወለተ ኪዳን። ለአባቴ ጉልበት» ይላል። ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ስንቷ ወለተ ኪዳን አለች ብዬ አለፍኩና «የአባትሽን ጉልበት ያጽናልሽ፤ ዓይንሽን ሳያይ አይውሰደው!» ብዬ መረቅኩ። እናትሽ ከጀርባ ሳቋም ልቅሶዋም በአንድ ላይ መጣባት። «አንተ ሰውዬ፣ በየሳምንቱ ስልክ ፊት ተዘርግቶ የሚታየው የማን ጉልበት ነው?» አለችኝ።

ለካ ስታይኝ ነበር። ለካ በየእሁዱ እዚያ ነበርሽ።

ያን ቀን ትዝ ይልሻል? እኔን አንድም ቀን አልለቀቀኝም። የአዋላጅነት ትምህርትሽን ሁለተኛ ዓመት ላይ ትተሽ ልትሄጂ ነው ብዬ ተቀይሜ የተማሪ ደብተር አርም ነበር። ሻንጣሽን በር ላይ አስቀምጠሽ መጥተሽ ጉልበቴን ሳምሽ። መርቀኝ ማለትሽ ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ እንኳ ከወረቀቱ አላነሣሁም። ስትወጪ የበሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያም ያንኑ ደብተር ሁለት ጊዜ አረምኩት። ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ልነሣ እችል ነበር። በድዬሻለሁ፣ ልጄ።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። ጣሪያው ዓርብ ዕለት አለቀ! በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ውስጠኛ ፊት የሰጪውን ስም በቀለም ጻፍንበት። አንቺ በመስኮቱ በኩል ከሦስተኛው አልጋ በላይ ነሽ፤ እኔው ነኝ መሰላል አስይዤ የጻፍኩት፤ እናትሽ ከታች ሆና ስትጮህብኝ ነበር። ቅዳሜ ዝናሽ የምትባል የጉና ልጅ በበቅሎ መጥታ እዚያ አልጋ ላይ አረፈች። ትናንት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ። ልጠይቃት ብገባ ሽቅብ እያየች፣ «አባባ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ከላዬ ያለችው ማን ናት?» አለችኝ።

«ልጄ ናት» አልኳት። ስድስት ዓመት ከአፌ ያልወጣ ቃል ነው። ዝናሽም ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሣ በስምሽ እንድትጠራ ቄሱን ለምንልኝ ብላኛለች።

ምርቃቱን እዚህ አልጽፈውም፤ የዘገየ ነገር በወረቀት አያልቅም። የፊታችን እሁድ በአራት ሰዓት፣ ከምታውቂው ቦታ ሆነሽ ጠብቂኝ። ሚሚ የአንዱን ደቂቃ ሕግ ላንቺ ብቻ አንሥታዋለች። ከዚያ በኋላ ልብሽ ከፈቀደ ደውዪ፤ ካልፈቀደም አልቀየምም፤ ቂም ይብቃኝ።

እመብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እናትሽ ዓይንሽን ትስማለች።

እሁድ ስምሽን ስጠራ ግን፣ ፍቅርተ፣ አንቺ እንዳትነሺ። ወንበርሽን ስበሽ ደህና አድርገሽ ተቀመጪ። በዚህኛው የምነሣው እኔ ነኝ።

አባትሽ
ይሻው