ያንተ ካልሲ በነገሥታቱ ቤት

ታዴ የኔ መውደድ፣

ካጣሁህ እነሆ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። እንደምን ሰነበትክ ልልህ ነበር፤ አፌ ስለለመደ ነው። እኔና ብሌን ደህና ነን። ጋራዡ ያው መዶሻህንና ብሎንህን እንደታቀፈ ነው። በሩ ብቻ ሲከፈት መጮኹን ተወ፤ ልጅህ ዩቲዩብ አይታ ራሷ ፊክስ አደረገችው። እኔም እዚያው ዎርዝንግተን መጦሪያ ቤቱ አረጋውያኑን እየተንከባከብኩ ነው።

እንግዲህ ዋናውን ወሬ ልንገርህ፣ ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም። ፖርቱጋል ደርሼ መጣሁ! አዎ፣ እኔው አስካለ፣ ከሰፈራችን ከካናል ዊንቸስተር ወጥታ ሃይዌይ መግባት የምትፈራው ሚስትህ።

ፍሪጁ ላይ የለጠፍካት ሥዕል ትዝ ትልሃለች? ሪከንባከር፣ የምትሠራበት ዌርሃውስ ምሳ ክፍል የተሰቀለው ካላንደር ዓመቱ አልቆ ሊጥሉት ሲሉ ለምነህ ያመጣሃት፤ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ቢጫና ቀይ ቤተ መንግሥት። አንተ መቼ ለማማሩ ብለህ! ወዳጅህ ጋሼ ንጉሤ ቤታችን በመጡ ቁጥር “የጎንደርን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው” እያሉ አንተን የጎንደሩን ልጅ ሲያበግኑህ፣ “እንግዲያው የራሳቸውን ቤተ መንግሥት በዓይኔ አይቼ መጥቼ እረታዎታለሁ!” ብለህ ማልክ። ብሌን ስትመረቅ ሦስታችን ልንሄድ ተባባልን። ነጭ ስኒከር ገዛህልኝ፣ ያውም አንድ ቁጥር አስበልጠህ፤ “ብዙ ስትሄጂ እግርሽ ያብጣል” ብለህ። ሳምንት ሳይሞላው ልብህ ቀጥ አለ።

ጫማውን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ሰው በዓመቱ ከሉን ያወጣል፤ እኔ ግን ስንቱ ሰው ለምኖኝ እምቢ አልኩ። ነጭ ነገር እግሬ ላይ ካጠለቅኩ የረሳሁህ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለብሌንም አልነገርኳት።

ብሌን ተመረቀችልህ። ገና ሥራ እንደያዘች ቲኬት ቆርጣ መጣችና “ማሚ፣ ዳዲ ፕሮሚስ አድርጓል፤ እንሄዳለን” አለች፣ በቃ። ስኒከሩን አወረድኩት። ሰፋኝ። ያንተን ወፍራም ግራጫ የሥራ ካልሲ ሳጠልቅበት ልክ ሆነ። ጥቁር ቀሚሴን ግን አልተውኩም።

ከሊዝበን በጠዋት ባቡር ተሳፍረን ሲንትራ የምትባል ከተማ ወረድን። መጀመሪያ በአውቶቡስ እየተጠማዘዝን ወደ ኮረብታው ወጣን። ጉም ምንም አያሳይም፤ ደርሰን ስንቆም ግልጥ አለ። ታዴ፣ የፍሪጃችን ሥዕል ቆሞ ጠበቀኝ! ከምድጃው ተፈናጥራ ያረፈችበት የዘይት ጠብታ ብቻ የለችም።

ከሰዓት በኋላ ከተማው መሀል ወዳለው አሮጌው ቤተ መንግሥት ወረድን። እንደ አንገተ ረጅም ጠርሙስ ያሉ ሁለት ነጫጭ የጭስ መውጫዎች አሉት። ጣሪያቸውን በወፍ ሥዕል ሞልተውታል፤ አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጠጥኩ። እዚያው ውስጥ ነገሥታቱ የሚጸልዩባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ግድግዳዋ ሁሉ እርግብ ነው፤ የወይራ ቅጠል በአፏ የያዘች፣ የኖኅ እርግብ። ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ሳውቅ እጄ ቀደመኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ደጃፏ ላይ ትቼ ተሳልሜ ገባሁ። ስምህን ጠርቼ ጸለይኩ።

ለካ እነሱ ዘንድ በገቡበት በር አይወጡም። ብሌን ፎቶ እያነሳች ከፊት ትሄዳለች፣ ሰው ከኋላ ይገፋኛል፣ ዝም ብዬ ተከተልኩ። ጫማ አለማድረጌ የታወቀኝ ወጥ ቤታቸው ስደርስ ነው፤ የድንጋዩ ወለል ቅዝቃዜ ሽቅብ ወጣብኝ። “ማሚ፣ ዌር አር ዩር ሹዝ?” ብላ ልጅህ በሳቅ ፈረሰች። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ወደ ኋላ መመለስ ክልክል ነው አለን።

አለቀስኩ። ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን። ብሌን ደንግጣ “ሌላ እገዛልሻለሁ እኮ” ስትለኝ፣ “ያንን የገዛልኝ አባትሽ ነው፤ ለዚህ መንገድ ብሎ” አልኳት። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። “ኤክስኪዩዝ ሚ! ኤክስኪዩዝ ሚ!” እያለች፣ ጥበቃውንም ሳትሰማ፣ ሰዉን ሰንጥቃ ወደ መጣንበት ሮጠች።

ብቻዬን ከጭስ መውጫው ሥር ተቀምጬ አቀርቅሬ እግሬን አየሁ። ያ ግራጫ ካልሲህ ነው፤ አውራ ጣቱ ጋ በጥቁር ክር የሰፋሁልህ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። አንተ ሰው፣ አያለሁ ብለህ ምለህ መጣህ አይደል! በሰው አገር ቤተ መንግሥት፣ በዌርሃውስ ካልሲ! ያን ጊዜ ውስጤ የተቋጠረው ነገር ላላ። ጫማው ባይገኝም እንኳ ቤቴ በደህና እንደምገባ አወቅኩ።

ተገኘ ግን። ብሌን አንዲት ሸበቶ ጥበቃ አስከትላ መጣች። ሴትዮዋ ጫማዬን ወንበሯ አጠገብ አጣምራ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ አኑራልኝ ኖሯል። በቋንቋዋ የሆነ ነገር ብላ ደረቷን ዳበሰች። ሳይገባኝ ገባኝ።

የክርክሩን ነገር እንዳልረሳው፤ ለጋሼ ንጉሤ ፎቶውን ሁሉ አሳየኋቸው። “ይኸው፣ የነሱ ግድግዳ ሰማያዊ ሴራሚክ ለብሶ ነው የሚያምረው፤ የታዴ ጎንደር ድንጋዩን ገልጦ ነው የሚቆመው” አልኳቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩና “ደረጃው ትንሽ ይመሳሰላል” አሉ። እሳቸው መቼ ይሸነፋሉ! ሊወጡ ሲሉ ግን በሩን ይዘው ቆሙና “ታደሰን ረትተኸኛል በይልኝ” አሉኝ። ይኸው ብያለሁ።

ጥቁሩን ቀሚስ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። የጫማውን ካርቶን ሪሳይክል ውስጥ ጣልኩት፤ ጫማው ወደዚያ አይመለስም፣ ሥራ የምሄደው በሱ ነው። ነጭ ካደረግኩ እረሳሃለሁ ያልኩት ውሸት ነው፣ የኔ ጌታ። አሁንም ይሰፋኛል። በየጠዋቱ ያንተን ካልሲ ሳላጠልቅ አንድ እርምጃ አልሄድም።

ያንተው አስኩ